አጥንትን በጣት ማጥናት፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት

በጥቅምት ወር በተሰጠን የመጀመሪያ የተግባር ፈተና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የላይኛ ክንድ አጥንት አንስቼ «ሂውመረስ ነው» ስል መምህሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቀጥለው «የግራ ነው የቀኝ?» ሲሉኝ ግን አጥንቱን ደጋግሜ ከማገላበጥ በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ያጠናሁት ቁጥርና ስም ነበር። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 መሆኑን፣ ከእነዚህም 80ዎቹ የራስ ቅልን፣ አከርካሪንና ደረትን፣ 126ቱ ደግሞ እጅና እግርን ከነማያያዣዎቻቸው እንደሚሠሩ፣ በአንድ እጅ 27፣ በአንድ እግር መርገጫ 26 አጥንቶች እንዳሉ በቃሌ እወጣው ነበር። ያ ሁሉ ቁጥር በእጄ ስለያዝሁት አንድ አጥንት ምንም አልነገረኝም።

የምማረው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የምኖረውም በከተማው ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት ቤቴ ሩቅ በመሆኑ የአጥንት ማሳያ ክፍሉ ክፍት በሚሆንበት የማታ ሰዓት መቆየት አልችልም። ስለዚህ ቤት ውስጥና አውቶቡስ ላይ የሚሠራ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ፤ እንደ እኔ ከዳር የምትመላለሱ ጓደኞቼ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ የሄድሁበትን እነሆ ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የፈተናውን ጥያቄ መመለስ ነበር። የሂውመረስ የላይኛው ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ክብ ራስ ሁልጊዜ ወደ ሰውነት መሃል ይዞራል፤ በታችኛው ጫፍ በኩል ያለው ጥልቅ ስርጉድ ደግሞ ክንዳችንን ስንዘረጋ የክርን ጫፍ የሚገባበት በመሆኑ ምንጊዜም ከኋላ ነው። እነዚህን ሁለቱን በቦታቸው ካስቀመጡ በኋላ አጥንቱ የግራ ወይም የቀኝ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። ይህን ስረዳ፣ ምልክቶቹ በስም ዝርዝር የሚሸመደዱ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ምክንያት ያላቸው መሆናቸው ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድን ምልክት ሳይ የምጠይቀው «ስሙ ማን ነው?» ብዬ ሳይሆን «እዚህ ላይ የሚጎትተው ማን ነው? በዚህ የሚያልፈውስ?» ብዬ ነው።

በሰፈራችን ግንባታ ተቋርጦ አያውቅም። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጎረቤታችን ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ የግራ ክንዱ መሃሉ ላይ ተሰበረ። ቤተሰቡ በመጀመሪያ የወሰዱት ወደ ወጌሻ ነበር፤ ክንዱ ታስሮ ሲመለስ ግን እጁ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ጣቶቹን መጨበጥ ቢችልም አንጓውን ቀና ማድረግ አልቻለም። በዚያ ምሽት የክፍል ማስታወሻዬን ስገልጥ፣ በሂውመረስ ጀርባ ላይ በሰያፍ የሚወርደውንና በፈተናው ሰሞን እንደ ዋዛ ያለፍሁትን ጥልቀት የሌለው ቦይ አገኘሁት። አንጓንና ጣቶችን ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች የሚያዘው ራዲያል ነርቭ አጥንቱን ተጠግቶ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ አጥንቱ መሃሉ ላይ ሲሰበርም ነርቩ አብሮ ሊጎዳ ይችላል። በኋላ ሆስፒታል ሲሄድ ሐኪሙ የነገሩት ይህንኑ ነበር፤ ነርቩ ካልተቆረጠ በብዙዎች ላይ በወራት ውስጥ እንደሚያገግምም ጨምረው አስረድተውታል። በየካቲት መጨረሻ ሳየው አንጓውን በጥቂቱ ቀና ማድረግ ጀምሯል። ያቺን ቦይ ዳግመኛ የምረሳት አይመስለኝም።

ለገና የብሎካችን ነዋሪዎች ቅርጫ አደረግን። ሥጋው በመደብ ተከፋፍሎ ዕጣ ከመጣሉ በፊት፣ በሬውን የሚበልቱትን ጎረቤታችንን የኋላ እግሩን የጭን አጥንት ለመቅኔው ብለው እንዳይሰብሩት ለመንኋቸው። ምክንያቴን ስነግራቸው አልከለከሉኝም፤ ይልቁንም አጠገባቸው አስቁመው አንድ ነገር አሳዩኝ። ቢላቸው በጡንቻው መሃል ያለ ችግር እየሄደ ወደ አጥንቱ የላይኛ ጫፍ፣ ወደ ውጭ ወደሚያብጠው ጉብታ ሲደርስ ቆመ። «አየህ ልጄ፣ ጅማቱ እዚህ ጋ ከአጥንቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ ቢላ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው» አሉኝ። ነጩን ጅማት በጣቴ ስይዘው የት ላይ እንደሚያልቅና አጥንቱ የት ላይ እንደሚጀምር መለየት አልቻልሁም። አጥንቱን ቀቅዬ፣ በሳሙና ውኃ ዘፍዝፌ፣ በረንዳ ላይ ካደረቅሁት በኋላ ሳየው ጅማቱ የነበረበት ቦታ ብቻ ሻካራ ሆኖ፣ የቀረው ለስልሶ ቀርቷል።

በሰውም ያው ጉብታ አለ፤ ታላቁ ትሮካንተር ይባላል። ትሮካንተር የሚለው ስም በመላው አፅማችን የተሰጠው በጭን አጥንት ላይ ላሉት ጉብታዎች ብቻ ነው። መዳፋችሁን በዳሌያችሁ ጎን ላይ አድርጋችሁ እግራችሁን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብታዞሩት ከቆዳው ሥር ሲንከባለል ታገኙታላችሁ። በእርሱ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ የዳሌ ጡንቻዎች በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን ወደ ሌላው ጎን እንዳይዘምም ይይዙታል፤ ስለዚህ በተራመድን ቁጥር ይሠራሉ ማለት ነው። በበሬ አጥንት ለምታጠኑ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በሬ 13 ጥንድ ጎድን አለው፣ እኛ 12፤ ከአንገታችን ሥር በአግድም የተዘረጋው አጥንት በበሬ ላይ ጨርሶ የለም። መመሳሰሉ ጡንቻ በሚጎትትበት ቦታ አጥንት ይሻክራል፣ ያብጣል በሚለው ደንብ ላይ እንጂ ቅርጹ ላይ አይደለም።

ከሁሉ ያስገረመኝን ያገኘሁት ግን በእህቴ ቤት ነው። ከጆሮ በስተኋላ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ሁላችንም የምንዳስሰው ማስቶይድ የተባለ ጠንካራ ጉብታ አለ፤ አንገትን የሚያዞረው ትልቁ ጡንቻ የሚያያዘው እዚያ ነው። የእህቴን የ3 ወር ሕፃን አቅፌ በቀስታ ስዳስሰው ቦታው ልሙጥ ነበር። ይህ ጉብታ ሲወለዱ አይኖርም፤ ልጁ ራሱን መሸከምና ማዞር ከጀመረ በኋላ፣ ጡንቻው እየጎተተው ቀስ በቀስ ያድጋል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከራስ ቅል የሚወጣው በዚያው አጠገብ ነው፤ ጉብታው ይከልለዋል፣ በሕፃን ላይ ግን ይህ ከለላ ገና አልተሠራም፤ በመሣሪያ በሚታገዝ ወሊድ ነርቩ ሊጎዳ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የጉልበት ሎሚም እንዲሁ ሲወለዱ ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት ነው፤ ወደ አጥንትነት የሚለወጠው ባብዛኛው ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ይዤ በአንድ ቅዳሜ አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሄድሁ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተውንና ከመላ አፅሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላትን ድንቅነሽን በልጅነቴ በትምህርት ቤት ጉብኝት አይቻት ነበር፤ ያኔ ያየሁት ግን የአጥንት ክምር ነበር። አሁን ለእይታ በቀረበው ቅጂ ፊት ቆሜ የተመለከትሁት ግራ የጭን አጥንቷን ብቻ ነው። አጥንቱ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚህም ጉልበቶቿ ተቀራርበው ከሰውነቷ ክብደት ሥር ይውላሉ። በቺምፓንዚ ይህ ማዘንበል የለም። በሰው ሕፃንም ሲወለድ አይታይም፤ የሚመጣው ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ነው። ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ከሚመሰክሩት ነገሮች አንዱ ይህ ማዘንበል ነው። ከዚያ መስታወት ፊት ምን ያህል እንደቆየሁ አላስታውስም።

አሁን የደረስሁት እጅ አንጓ ላይ ነው። እዚያ ያሉት 8 ትናንሽ አጥንቶች እስካሁን ካጠናሁት ሁሉ አስቸግረውኛል፤ አምስቱን እንጂ ሦስቱን ገና በጣቴ አልለይም። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ ካገኘሁ የግራ እጄን ዘና አድርጌ፣ በመዳፌ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል ያለችውን፣ ሲነኳት ወዲያ ወዲህ የምትለውን አተር የምታህል አጥንት እይዛለሁ፤ ከእርሷም ወደ ሌባ ጣቴ አቅጣጫ ጥቂት ሄጄ ጠበቅ አድርጌ ስጫን መንጠቆ መሳዩን አጥንት አገኛለሁ። በሁለቱ መካከል ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ነርቭ ያልፋል።

ትናንት ማታ ይህንኑ በእማዬ እጅ ላይ ስሞክር እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ እጇን ሳብ አደረገች። «ሊጥ ሳቦካ ትንሿ ጣቴ የምትደነዝዘው ለዚህ ይሆን?» አለችኝ። ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌበት፣ ጥያቄዋንም እንዳለ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሰኞ ለመምህሬ ይዤው እሄዳለሁ።