አበሉን ማን ፈረመ? ጎንደር ላይ ውድድር ያስተናገድንበት ዓመት

በ2010 ዓ.ም. ከየዞኑ የሚመጡ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችን ጎንደር ላይ እንድናስተናግድ ስንጠየቅ፣ ቀድሜ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ማኅበሩ ማለት አንዲት ክፍል፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ የባንክ ሒሳብ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚያሠለጥን አንድ አሠልጣኝና ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ልጆች ነበሩ። ደመወዝተኛ የለንም። እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ የሚመጣውን ቢነግረኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

አብዛኛው ሥራ ደህና ሄደ። ዳኞች፣ ምግብ፣ ሜዳሊያ፣ መኪና በጊዜው ተሟላ። መኝታው ትንሽ አደከመን። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ደረጃ የሌለው ማደሪያ ፍለጋ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ተመላለስን። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ዊልቸር ይዘን ስንሄድ ግን ያለ ሸክም የገባነው ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

የሩጫው መርሐ ግብርም ተዛብቶብን ነበር። ጭራሽ የማያዩ ሯጮች፣ ማለትም ቲ11 የሚባሉት፣ ከመሪ ሯጭ ጋር ነው የሚሮጡት። ስለዚህ በአጭር ርቀት ለአንድ ሯጭ ሁለት መስመር ይያዛል። ስምንት መስመር ያለው ሜዳ አራት ሯጭ ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ይህን ሳናስብ ስላወጣነው የመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ እስኪመሽ ቆየ። በማግስቱ አስተካከልነው።

ያልተስተካከለው የገንዘቡ ነገር ነው።

ውድድሩን እንድናስተናግድ የጠየቀን መሥሪያ ቤት የውድድሩ ገንዘብ በማኅበሩ ሒሳብ ይግባ አለ። ደስ አለኝ። እንደታመንን ቆጠርኩት። በዓመት ከምናገኘው ሥራ ማስኬጃ ብዙ እጥፍ የሚሆን ብር በአንድ ቀን ገባልን። አዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመና አሠልጣኛችን መስተንግዶ ላይ ተመደበ። እኔ ፕሮፎርማ ሰብሳቢ ሆንኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሥልጠና ቆመ። ልጆቹ ሜዳ መጥተው አሠልጣኝ አጥተው ይመለሱ ነበር። ይህን እያየሁ «ውድድሩ ይለፍና እንቀጥላለን» አልኩ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት አበል የሚከፈልበት አዳራሽ ገባን። ከመሥሪያ ቤቱ የተላከው ገንዘብ ያዥ ዓይነ ስውራኑ ጋ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ። «ዓይነ ስውር ፈርሞ አይወስድም፤ ሕጉ አይፈቅድም» አለ። የጠቀሰው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1728ን ነው። አንቀጹ የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። ያ እኮ ስለ ውል የተጻፈ ነው። ሰው ሳያይ በፈረመው ወረቀት እንዳይታለል ለመጠበቅ የወጣ ነው። ሮጦ ያገኘውን አበል እንዳይቀበል ለመከልከል አይደለም። ይህን ልነግረው ሞከርኩ። አልሰማኝም። አውቶቡሶቹ ውጭ ጥሩምባ እየነፉ ነው፤ ሰው ተሰልፏል። «እሺ፣ መሪ ሯጮቻቸው ይፈርሙላቸው» አለ። እኔም እሺ አልኩ።

ይህችን እሺ እስከ ዛሬ አልረሳትም። አንዲት ሯጭ ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስሜን መጻፍ እችላለሁ። ለምን እሷ ትፈርምልኛለች?» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ነው፣ እለፊው» አልኳት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ማኅበር ያቋቋምነው እንዲህ ያለውን ነገር እንቢ ለማለት ነበር።

ከወራት በኋላ ሒሳቡ ተመረመረ። ገንዘብ ያዡን የላከው ያው መሥሪያ ቤት «ባለመብቱ ሳይሆን ሌላ ሰው ፈርሞ የወሰደው ክፍያ» ብሎ አበሉን ውድቅ አደረገው። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም ያልተወራረደ ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ። ሰነዱ እስኪወራረድ ድረስ የቀጣዩ ዓመት ድጋፍ ተያዘ። በቃል ያዘዘኝ ሰው በጽሑፍ አላዘዘኝም። ዘጠኝ ወር ተመላለስኩ። አሠልጣኙ ሌላ ሥራ ያዘ። ከሠላሳዎቹ ልጆች አብረውን የቀሩት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ።

ይህ የትንሽ ከተማ ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ፓራሊምፒክ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ገንዘብ አጥሮ የሰው ኃይል ተቀነሰ፤ አንዳንድ ውድድሮች ቦታ ተቀየረላቸው። ለየአገሩ ኮሚቴ የሚሰጠው የጉዞ ድጋፍም ዘገየ። ድግሱ ሲጎድልበት ጉድለቱ ወደ አካል ጉዳተኛው ጎን ይዞራል።

በየሥልጠናው «ማኅበራት አቅማቸው እንዲያድግ ገንዘቡን ራሳቸው ያስተዳድሩ» ይባላል። እኔ አልስማማም። ሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ማኅበር የውድድር ገንዘብ በሒሳቡ አያስገባ። ጠሪው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይክፈል። ለባጃጅ ሾፌር ደረሰኝ ከየት ይመጣል? እሱንም እነሱ ይጨነቁበት። ሌላ አሠልጣኝ በጽሑፍ ሳይተካ ደግሞ አሠልጣኛችሁን ለኮሚቴ አትስጡ። ይህን ካልፈቀዱ ውድድሩ ይቅርባችሁ። ፕሮፌሽናል አይደላችሁም ይሏችኋል፤ ይበሉ።

በውድድሩ አላፍርም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጆቻቸው ሲሮጡ ያዩ እናቶች ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ትዕግሥት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ፣ ከአሥራ አንዱ ልጆች ጋር ቢሯችን ውስጥ በስልክ ተከታተልናት። ጮኽን፣ አለቀስን።

ሰነዱን ለማወራረድ ያቺን ሯጭ ፍለጋ ወረዳዋ ድረስ ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ፍርድ ቤት ገባን። መዝጋቢው ወረቀቱን አነበበላት፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አስቀመጠላትና በብዕር ስሟን ጻፈች። ማኅተም አደረገበት። ከገባን እስክንወጣ ሩብ ሰዓት አልሞላም።