ርካሹ አውሮፕላን መጋረጃ ሲሰቅል

ቦሌ አካባቢ ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ 13 ዓመት አለፈኝ። ከደንበኞቼ በብዛት የምሰማው ጥያቄ "ስንት ኪሎ ያስይዛል?" የሚለው ነው። ዋጋው ሁለተኛ ይመጣል። ሦስተኛው "ቀን ማስቀየር ይቻላል?" ነው። ስለ ወንበር የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ከጠየቀም "መስኮት ጋ አድርጊልኝ" ብሎ ያበቃል።

ለዚህ ነው ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የመርካቶ ደንበኛዬ ያነሱት ጥያቄ የገረመኝ። እትዬ ነው የምላቸው። የልጆች ጫማ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ ይሄን ሥራ ሳልጀምር በፊት ጀምሮ ዱባይ ይመላለሳሉ። እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ። ከቦርሳቸው ፓስፖርታቸውንና ጫፉ የተጣጠፈ ደብተር አወጡ። ደብተሩ ላይ ከ22 እስከ 35 ያለው የጫማ ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደርድሯል፤ ከየቁጥሩ ጎን ስንት ደርዘን እንደሚገዛ ተጽፏል። ፓስፖርቱን ሰጡኝና፦

"ልጄ፣ ይሄ ርካሹ አውሮፕላን ቢዝነስ ክላስ አለው ይላሉ። እውነት ነው?"

"አዎ እትዬ፣ አለው።"

"ርካሽ ከሆነ ቢዝነስ ምን ያደርግለታል? ሀብታሙ እንደሆነ በሌላው ይሄዳል።"

ከኋላቸው ሦስት ሰው ይጠብቅ ስለነበር ባጭሩ መለስኩላቸው። "አስብበታለሁ፣ ዓርብ እመጣለሁ" ብለው ወጡ። ጥያቄያቸው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። እስቲ እዚህ ጊዜ ወስጄ ልመልሰው።

ፍላይ ዱባይን ልውሰድ፤ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ("ዓ.ም." ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) የዱባይ መንግሥት በ2008 አቋቋመው፤ ጁን 1 ቀን 2009 ወደ ቤይሩት የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት፣ ቦይንግ 737-800። ወንበሩ 189፣ ሁሉም እኩል። የራበው ምግብ ይገዛል፣ ሻንጣ ያለው ለሻንጣው ይከፍላል፣ ምንም የማይፈልግ ደግሞ ምንም ሳይጨምር ይሄዳል። ርካሽ አየር መንገድ ማለት ይሄ ነው።

በ2013 ከፊት መጋረጃ ሰቀለ። 12 የቢዝነስ ወንበር አስገባ፣ ከኋላ 162 ቀረ። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ189 የኢኮኖሚ ወንበር 27ቱ ተነሥቶ በቦታው 12 ገባ። ስለዚህ አንዱ የፊት ወንበር የኋላውን ሁለት ከሩብ ያህል ካላስገባ አየር መንገዱ ከሰረ። በዚያ ላይ የምግቡ፣ የማረፊያ ክፍሉና የአስተናጋጁ ወጪ አለ። እንግዲያው ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሸጥ አለበት ማለት ነው። ነገር ግን ይሄ ሒሳብ የሚሠራው አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ከሞላ ነው። እኔ ከቢሮዬ ሆኜ የማየው ሌላ ነው። በዓል ሲቃረብ ወንበር ይጠፋል፤ ከበዓል በኋላ ደግሞ ሰው ያጥራል። ከኋላ 20 ወንበር ባዶውን የሚሄድ ከሆነ፣ 27ቱን መንቀል ያን ያህል አይጎዳም። ነዳጁ ያው ነው፣ አብራሪው ያው ነው፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚከፈለውም አይቀንስም። ባዶ ሊሄድ የነበረው ቦታ ላይ ሦስት እጥፍ የሚከፍል ሰው ተቀመጠበት ማለት ነው። ለእትዬ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው።

በ2017 ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። አዲሶቹ 737 ማክስ 8 አውሮፕላኖች ላይ ተዘርግተው አልጋ የሚሆኑ 10 ወንበሮች አስገባ፣ ከኋላ 156። ጠቅላላ 166። አውሮፓ ውስጥ ያለው ራያንኤር በዚያው ቁመት አውሮፕላን 197 ሰው ያሳፍራል። ልዩነቱ 31 ሰው ነው። ሁለቱም ትርፍ ፈልገው ነው፤ አንዱ ሰው በማብዛት፣ ሌላው የሚከፍለውን በመምረጥ።

ማክስ የሚለውን ስም ስጽፍ እጄ ይቆማል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የአየር መንገዳችን በረራ 302 ያው ዓይነት ነበር። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ለወራት ደንበኞቼ ትኬት ከመክፈላቸው በፊት "አውሮፕላኑ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ ልክ ነበሩ። ፍላይ ዱባይም ማክሶቹን በፈረንጆቹ እስከ 2021 አቁሟቸው ቆይቷል፣ አልጋዎቹም አብረው ቆሙ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሀብታሙ በሌላው የሚሄድ ከሆነ ከፊት ማን ይቀመጣል? እዚህ ላይ መስመሩን ማየት ያስፈልጋል። ፍላይ ዱባይ ትልልቆቹ አየር መንገዶች የማይደርሱባቸው ወይም በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚበሩባቸው ከተሞች በብዛት ይሄዳል። ካቡልን አስቡ፣ የማዕከላዊ እስያ ከተሞችን። እዚያ የሚሄድ የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኛ፣ የግንባታ ተቋራጭ፣ የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ አለ። መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍልለት። በቢዝነስ መሄድ ይፈልጋል፣ ግን በዚያ መስመር ቢዝነስ የሚሸጥለት ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሌላ አየር መንገድ መንጠቅ አያስፈልግም፤ ወንበር ማቅረብ ይበቃል። በ2017 ከኤምሬትስ ጋር በሽርክና ለመሥራት ሲስማሙ ደግሞ ነገሩ ሰፋ። ከለንደን በኤምሬትስ ቢዝነስ የመጣ ሰው ዱባይ ደርሶ ቀጣዩን በረራ ጉልበቱን አጥፎ እንዲሄድ አትጠይቀውም። በፊት ሌላም ጣጣ ነበረ። ፍላይ ዱባይ የሚነሣበት የዱባይ ተርሚናል 2 ከሌሎቹ ተርሚናሎች ማዶ፣ ከማኮብኮቢያው ወዲያ ነው። ቆይቶ ከፊሉ በረራ ወደ ተርሚናል 3 ሲዛወር ያ ተቃለለ። ለቢዝነስ ተጓዥ እንዲህ ያለው ነገር ከወንበሩ ስፋት ይበልጥበታል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ጄትብሉን ታውቁታላችሁ። እሱ የሄደበት መንገድ ተቃራኒ ነው፤ ተፎካካሪ ወደሞላበት መስመር ገባ። በ2014 ከኒውዮርክ ሎስ አንጀለስ ሚንት የሚባል የቢዝነስ ክላስ አገልግሎት ጀመረ። 16 አልጋ የሚሆኑ ወንበሮች፣ አራቱ በር ያላቸው፣ ለአንድ ጉዞ ከ599 ዶላር ጀምሮ። ትልልቆቹ ለተመሳሳይ ወንበር የሚጠይቁት ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። ጄትብሉ ሲገባ እነሱም ዋጋ ለመቀነስ ተገደዱ። በሌላ አየር መንገድ የሚበርሩ ሰዎች እንኳ ተጠቀሙ። ርካሽ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ሲጀምር እኔን ደስ የሚለኝ በዚህ በኩል ነው። ሲፈጥረው ለባለሀብት ብቻ የታሰበ ነገር፣ አንድ መካከለኛ ነጋዴ በደከመው ቀን አንዴ የሚገዛው ይሆናል።

አሁን ስለ ነጋዴው ልናገር፤ ይሄን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ኩባንያዎቹ "ቢዝነስ ተጓዥ" ሲሉ ላፕቶፕ የያዘ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ይታያቸዋል። የኔ ቢዝነስ ተጓዦች ዴይራ በሚባለው የዱባይ የገበያ ሠፈር ውስጥ ከጧት እስከ ማታ በእግራቸው ሲዞሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ከሱቅ ሱቅ፣ ከመጋዘን ወደ ካርጎ። ማታ ሆቴል ገብተው ያሽጋሉ። ሥራቸው የሚወሰነው በሌላ ሰው እጅ ባለ ነገር ነው፦ እቃው ዛሬ ይደርሳል ተብሎ ነገ ይደርሳል፣ ካርጎው ዛሬ ይነሳል ተብሎ ከነገ ወዲያ ይነሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ደንበኛዬ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ከዴይራ ደወለልኝ። ከኋላው የማሸጊያ ስኮች ሲላጥ ይሰማኛል፣ ጭርርር፣ ከዚያ ካርቶን ሲገለበጥ። "እህቴ፣ ነገ መመለስ አልችልም፣ ግማሹ እቃ አልደረሰም፤ በሁለት ቀን አራዝሚልኝ" አለኝ። ትኬቱን ከፈትኩት። በጣም ርካሹ ዓይነት ነው፤ ቀን አይቀየርበትም፣ ገንዘብም አይመለስበትም። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም። ስልክ ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም። አዲስ ትኬት ቆረጥንለት፤ ቀኑ የቀረበ ስለሆነ ዋጋው የመጀመሪያውን ደርሶ መልስ በለጠ። በርካሽ ገዛሁ ያለው ሰው ውድ ከሚባለው በላይ ከፈለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለነጋዴ ትኬት ስቆርጥ መጀመሪያ የማነበው ዋጋውን ሳይሆን የቀን መቀየሪያውን ነው።

ለዚህ ነው ከፊት ሰፊ ወንበር ተክሎ ሌላውን እንደነበረ የሚተው አየር መንገድ ነጋዴ አያገኝም የምለው። ነጋዴ ቀን የሚቀየርበት ትኬት ይፈልጋል። በቀን ሁለትና ሦስት በረራ ይፈልጋል፤ አንዱ ቢያመልጠው በሌላው እንዲደርስ። ኪሎ ይፈልጋል። በአራት ሰዓት በረራ ውስጥ ጠፍጣፋ አልጋ ጥሩ ነው፣ ግን ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ብሩም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በፊትና በኋላ ወንበር መካከል የ200 ዶላር ልዩነት አለ እንበል። ድሮ 11,400 ብር ነበር። አሁን ከ20,000 በላይ ነው። ዶላሩ አልተነካም፣ ወንበሩም አልተነካም፤ እኛ ጋ ግን መጋረጃው ራቀ።

የሚያሳስበኝን ደግሞ ልናገር። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው። የኔ ቢሮ የሚመጣው ሁሉ ነጋዴ አይደለም። ሻርጃ ወይም አጅማን ቤት ውስጥ የምትሠራ እህቱን አራት ዓመት ያላያት ወንድም ይመጣል። ልጇን ልታይ የምትሄድ እናት ትመጣለች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ በረራዋ ነው፣ ትኬቱን በፌስታል ጠቅልላ ጡቷ ውስጥ ትከታለች። እነዚህን ሰዎች አውሮፕላን ላይ ያወጣቸው ርካሹ ወንበር ነው። ምግብ ባይሰጥም፣ ጉልበት ቢያጣብብም፣ አስሄዳቸው።

አየር መንገዶች ግን የፊቱን ከለመዱ በኋላ ኋላውንም ይቀይሩታል። ፍላይ ዱባይ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪም ምግብና መዝናኛ በዋጋው ውስጥ አድርጓል። ለተሳፋሪው ጥሩ ነው፤ ግን ምንም ሳይጨምር ለሚሄደው ሰው የነበረው ምርጫ እየጠበበ ነው። አሜሪካ ደግሞ ሳውዝዌስት የሚባለውን ርካሽ አየር መንገድ አይተናል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳላስ ነው፣ ዳላስ ያሉ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። ከ1971 ጀምሮ ወንበር አይመደብም ነበር፤ ቀድሞ የገባ ደስ ያለው ቦታ ይቀመጣል። በ2025 ለአብዛኛው ተሳፋሪ ሁለቱን ነፃ ሻንጣ አነሣ፤ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ወንበር መመደብ ጀመረ፣ እግር የሚያዘረጉትን ወንበሮችም በተጨማሪ ክፍያ መሸጥ ያዘ። ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ሁለት ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ጭኖ ይሄድ ለነበረ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ የፊቱን ወንበር አልቃወምም። ሦስት እጥፍ የሚከፍል ሰው ከፊት ሲቀመጥ የኋላው ዋጋ ሳይጨምር ሊቆይ ይችላል፤ እንዲቆይ ግን አየር መንገዱ ሊፈልገው ይገባል። ስለዚህ አዲስ መጋረጃ በተሰቀለ ቁጥር እኔ የማየው የመጨረሻውን ረድፍ ዋጋ ነው። በየወሩ በደብተሬ እመዘግበዋለሁ።

እትዬ ዓርብ መጡ። ከላይ የጻፍኩትን ግማሹን በቃል ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ፣ ከዚያ "ስሄድ ባዶ እጄን ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ አልደከመኝም" አሉ። "ስመለስ ነው እግሬ የሚያብጠው። ስመለስ ነው ኪሎ የሚጨንቀኝ። ቀኑንም የማላውቀው ስመለስ ነው።" ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት፣ ይቻላል። መሄጃውን ከኋላ፣ መመለሻውን ከፊት፣ ቀን የሚቀየርበት አድርጌ ቆረጥኩላቸው። ልዩነቱን በብር ስነግራቸው ደብተራቸውን ገልጠው ቁጥር 35 ጫማ ላይ ከተጻፈው ደርዘን ሁለቱን በእስክሪብቶ ሰረዙ።