ከጄኔራሉ በፊት ባሪያው ይናገር

እዚህ ባሕር ዳር እሁድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሰብሰብ ብለን ታሪክ የምናነብ ሰዎች አለን። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ጡረታ የወጡ ጋሼም አሉ። ሰሞኑን የያዝነው ርዕስ የጦር መሪዎች ነው። ሁሉም ሳይሆኑ፣ የተዋጉለት ዓላማ ከባርነት ጋር የተቆራኘ መሪዎች። እንዲህ ያለውን ሰው በምን እንዳኘው? በጀግንነቱ ወይስ በተዋጋለት ነገር? እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። በሌላ ከተማም እንደኛ የምታነቡ አትጠፉም።

የጀመርነው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 ከተካሄደው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ባሪያ የሚያሳድሩት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ተገንጥለው ከሰሜኑ መንግሥት ጋር የተዋጉበት ጦርነት ነው። ከሩቅ የጀመርነው ሰነዱ ብዙ ስለሆነ ነው። የደቡብ ሰዎች ምን እንደፈለጉ ራሳቸው ጽፈው ትተውልናል። «ጦርነቱ የክፍለ ግዛቶች መብት ጉዳይ ነው እንጂ ባርነት አይደለም» የሚል ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል። የሚሲሲፒ የመገንጠል መግለጫ ግን ገና ሲጀምር አቋማችን ከባርነት ጋር አንድ ነው ይላል። የተገንጣዩ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በማርች 1861 የመንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ የጥቁርና የነጭ እኩል አለመሆን ነው ብሎ ተናግሯል። በ1860 ቆጠራ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው በባርነት ተይዞ ነበር። ስለዚህ ዓላማው ምን ነበር በሚለው ላይ ብዙም አልቆየንም።

ብዙ የቆየነው የደቡቡ ዋና ጄኔራል ሮበርት ሊ ላይ ነው። የቨርጂኒያ ሰው ነው። በ1829 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ከክፍሉ ሁለተኛ ሆኖ ተመረቀ። በሜክሲኮ ጦርነት ስሙ ገነነ። በ1861 የሰሜኑን ጦር እንዲመራ ሲጠየቅ እምቢ ብሎ ሥራውን ለቀቀና ወደ ደቡብ ዞረ። ጨዋ፣ ሃይማኖተኛ፣ ዝምተኛ፣ ወታደሮቹ የሚወዱት ሰው ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። አድናቂዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ሊ ባርነትን ይጠላ ነበር ይላሉ። ማስረጃቸው በ1856 ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ባርነት ክፉ ነገር ነው ይላል፤ ልክ ነው። ግን ክፋቱ ለጥቁሩ ሳይሆን ይበልጥ ለነጩ እንደሆነ ይጽፋል። ጥቁሮቹ ከአፍሪካ ይልቅ እዚህ በጣም ይሻላቸዋል፣ የሚደርስባቸው ሥቃይም ለትምህርታቸው ያስፈልጋል ይላል። ነፃነታቸውን በሚመለከት የእግዚአብሔርን ጊዜ እንጠብቅ ብሎ ይዘጋል። ደብዳቤውን አንዷ ጮክ ብላ ስታነብልን ሁላችንም ዝም አልን። የሚያስጨንቀኝ የአነጋገሩ ለስላሳነት ነው። አንድም የስድብ ቃል የለበትም።

ከዚያ ዌስሊ ኖሪስን አነበብን። ኖሪስ በአርሊንግተን፣ የሊ ሚስት አባት ርስት ላይ ባሪያ ነበር። የሊ አማት በ1857 ሲሞቱ ኑዛዜያቸው ባሪያዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ነፃ ይውጡ ይል ነበር። ንብረቱን የማስፈጸም ኃላፊነት የወደቀው ሊ ላይ ነው። ባሪያዎቹ ጌታው ሲሞቱ ወዲያው ነፃ እንወጣለን ብለው አምነው ነበር። ሊ ግን የርስቱ ዕዳ እስኪከፈል ይሠራሉ አለ። በ1859 ኖሪስ ከእህቱ ከሜሪና ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ጠፍቶ ሜሪላንድ ላይ ተያዘ። ኖሪስ በ1866 በሰጠው ቃል የሆነውን ይተርካል። የእርሻው ተቆጣጣሪ አልገርፍም አለ። ሊ የአካባቢውን ፖሊስ አስጠራ። ወንዶቹ ሃምሳ ሃምሳ፣ ሜሪ ሃያ ተገረፉ። ሊ ቆሞ በደንብ ግረፍ ይል ነበር። ከዚያ በቆሰለው ጀርባቸው ላይ የጨው ውሃ አስፈሰሰበት። ሊ በበኩሉ ይህ ሐሰት ነው ብሎ ጽፏል። ጠፊዎቹን ለያዘው ፖሊስ የከፈለው ገንዘብ ግን በሂሳብ መዝገቡ ላይ አለ።

የኔ ደብተር አያያዝ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። አሁን ለአንድ የጦር አዛዥ ሁለት ገጽ እሰጣለሁ። መጀመሪያ የምሞላው ግራውን ነው፤ እሱ በባርነት የያዛቸው ወይም ጦሩ የማረካቸው ሰዎች የተናገሩትን። ቀኙ ገጽ የውጊያው፣ የስልቱ፣ የጀግንነቱ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ውጊያውን ቀድማችሁ ካነበባችሁ ሰውየውን ትወዱታላችሁ፤ ከዚያ የባሪያው ቃል እንደ ነቀፋ ይመስላችኋል፣ ጠበቃ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። የኖሪስን ቃል ይዛችሁ በፔንሲልቬኒያ ወደተካሄደው የጌቲስበርግ ውጊያ ስትሄዱ ግን ሌላ ነገር ይታያችኋል። በ1863 የሊ ጦር ፔንሲልቬኒያ ሲገባ ጥቁሮችን፣ በነፃነት የተወለዱትን ሳይቀር፣ እየያዘ ወደ ደቡብ ላከ። ውጊያውን ብቻ የሚተርኩ መጻሕፍት ይህን ይዘሉታል። በ1864 መጨረሻ ላይ ደግሞ የእስረኞች ልውውጥ ሲነሳ፣ የቀድሞ ባሪያ የነበሩትን የሰሜን ወታደሮች እንደ ሌላው እስረኛ አልለውጥም አለ። በዚህ ምክንያት የሰሜኑ ጦር አዛዥ ግራንት ልውውጡን ተወው። ይሄ እንግዲህ የጨዋው ሊ ነው።

«በዘመኑ ዳኘው» የሚለው ነገር በየስብሰባው ይነሳል። መልሴ ይህ ነው። ኖሪስም የዚያ ዘመን ሰው ነው። ዘመኑ የጌቶቹ ብቻ አልነበረም። በ1860 ስለ ባርነት ምን ይታሰብ ነበር ብለን ስንጠይቅ 4 ሚሊዮኑን ካልቆጠርን የጠየቅነው የጌቶቹን አሳብ ብቻ ነው።

ከጌቶቹም መካከል ቢሆን ሁሉም ሊ አይደለም። ጆርጅ ቶማስ የሚባል ጄኔራል አለ፤ እኔ በዚህ ንባብ ካገኘኋቸው ሰዎች በጣም የማረከኝ እሱ ነው። እሱም የቨርጂኒያ ልጅ ነው፤ በ1816 ባሪያ ከሚያሳድር ቤተሰብ ተወለደ፣ ራሱም ባሪያ ይዟል። በ1831 ናት ተርነር የመራው የባሪያዎች አመፅ በሰፈሩ ሲነሳ ገና ታዳጊ ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ነው የተረፈው። እንዲህ ያለ ልጅነት ያለው ሰው ወደ ደቡብ ቢዞር ማንም አይደነቅም። እሱ ግን ከሰሜን ጋር ቀረ። በ1863 ቺካማውጋ ላይ ጦሩ ሲፈርስ ቆሞ ያዳነው እሱ ነው። በ1864 ናሽቪል ላይ ጥቁር ወታደሮችንም አሰልፎ የደቡቡን ሠራዊት ሰበረ። እህቶቹ ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዞሩት ይባላል። የሊና የቶማስ መነሻ ያው ቨርጂኒያ ነው፣ ትምህርት ቤታቸው ያው ዌስት ፖይንት ነው። የጠቅላይ ጦሩ አዛዥ ዊንፊልድ ስኮትም የቨርጂኒያ ሰው ሆኖ አልከዳም። ስለዚህ «ሌላ ምርጫ አልነበረውም» የሚለው አይሠራም።

የደቡቡ ጄኔራል ናታን ቤድፎርድ ፎረስት ላይ ብዙ አልቆየንም። ከጦርነቱ በፊት ሜምፊስ ላይ ባሪያ ነጋዴ ነበር፣ በ1864 ፎርት ፒሎ ላይ ጦሩ እጅ የሰጡ ጥቁር ወታደሮችን ጨፈጨፈ፣ ከዚያ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው ጥቁሮችን የሚያሸብር የነጮች ቡድን መሪ ሆነ። ጄምስ ሎንግስትሪት ግን ሊ ቀኝ እጄ የሚለው ሰው ነበር፤ ከሽንፈቱ በኋላ ሽንፈቱን ተቀበለ፣ በ1874 ኒው ኦርሊንስ ላይ ጥቁሮች የበዙበትን ፖሊስና ሚሊሻ እየመራ የነጭ የበላይነት ታጣቂዎችን ገጠመ። የድሮ ጓዶቹ ከሃዲ አሉት። የሰው ፍርድ በአንድ ቀን እንደማይዘጋ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጀግንነትንና ዓላማን ለይቶ የመዘነልኝ ደግሞ ጠላታቸው ግራንት ነው። ሊ በአፕሪል 1865 አፖማቶክስ ላይ እጁን ሲሰጥ የተሰማውን በትዝታው ጽፏል። ያን ያህል በጀግንነት የተዋጋ፣ ያን ያህል የተሠቃየ ጠላት ሲወድቅ ደስ አላለኝም፤ የተዋጋለት ዓላማ ግን ሰው ከተዋጋላቸው ዓላማዎች ከከፉት አንዱ ነው ይላል። ሁለቱንም በአንድ አረፍተ ነገር አስቀመጣቸው። ጀግንነቱ ለዓላማው ማስተሰረያ አልሆነም።

ወደ አገራችን ያሻገረን ዊልያም ሎሪንግ ነው። ሎሪንግ የደቡቡ ጄኔራል ነበር፤ አንድ እጁን በሜክሲኮ ጦርነት ያጣ። ከሽንፈቱ በኋላ በግብፁ ገዥ በከዲቭ እስማኤል ተቀጥሮ ግብፅ ገባ። በ1876 ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኖ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ገጠመ፤ ተሸነፉ። ነርሷ ጓደኛችን ይህን ስትሰማ «ታዲያ ይሄ የሩቅ ታሪክ ነው እንዴ?» አለች። አይደለም። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ወደ ራሳችን ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በደንብ መያዝ አለበት። ሊ የተዋጋለት መንግሥት የተመሠረተው ባርነትን ለማቆየት ነው። ዓድዋ ላይ የተዋጉት አባቶቻችን የተዋጉት ቅኝ ላለመገዛት ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ውሸት ነው። ግን ከዓድዋ ሁለት ዓመት በፊት በ1894 ወላይታ ላይ፣ ከዓድዋ በኋላም በ1897 ከፋ ላይ የዘመተው ያው ሠራዊት ነው፤ ከሁለቱም ዘመቻ ብዙ ሰው ተማርኮ ባሪያ ሆኗል። ፍትሐ ነገሥቱ የጦር ምርኮኛን ባሪያ ማድረግ ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ቢፈቅድም ግን የራሳችን መሪዎች ተቃውመዋል። የቋራው ካሣ ቴዎድሮስ ሲሆን የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዋጅ አስነግሯል። አፄ ዮሐንስ በ1884 ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ንግዱን ለማስቀረት ውል ተፈራርመዋል። በ1888 ደርቡሽ ጎንደርን አቃጥሎ ሕዝቡን ማርኮ ሲነዳ ደግሞ ምርኮኛ መሆን ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው በራሱ አይቶታል። ስለዚህ ለኛም «በዘመኑ» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጡረታ የወጡት ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የጣሊያን ክስ ነው» አሉን። አልተሳሳቱም። ሙሶሊኒ በ1935 ሲወረን ባርነትን ላጠፋ ነው ብሎ ለዓለም ለፍፏል፤ መርዝ ጋዝም ረጭቷል። ጋሼ ያን ዘመን ከአባታቸው የሰሙ ሰው ናቸው፣ ቁጣቸው ይገባኛል። በአክብሮት የመለስኩላቸው ይህን ነው። ጋሼ፣ ወራሪው ሰበብ ስላደረገው ባሪያ ሆኖ የኖረው ሰው አልኖረም አይባልም። ባርነትን በሕግ የዘጋነውም እኛው ነን፤ በ1942፣ ወራሪው ከተባረረ በኋላ። ጋሼ ወዲያው አልተስማሙም። በሚቀጥለው እሁድ ግን ስለ በሶ ገበያ ልጅ ሆነው የሰሙትን ራሳቸው አነሱ። ከአባይ ማዶ የሚመጣ ባሪያ የሚሸጥበት የደቡብ ጎጃም ገበያ ነበር።

ከዚያ ዘጌ ተሻገርን። ዘጌን በገዳማቱና በቡናው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ሥራው ሁሉ በእጅ ነው። የዚያን ቡና ለረጅም ጊዜ የለቀሙት፣ የወቀጡትና የተሸከሙት ባሪያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከምዕራቡ ቆላ፣ ከጉሙዝ ሕዝብ የተፈነገሉ። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ጀንፈል ሲወቅጡ ደረስን። እንሞክር ብለን ዘነዘናውን ተቀበልናቸው። ገለባው እስኪላቀቅ ክንዳችን ዛለ፤ ሙቀጫው ውስጥ የነበረው ደግሞ እፍኝ ቢሆን ነው። ወደ ላይ የጆንያውን ቁልል አየሁት። እዚያው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ፈረሰኞቹ ቅዱሳን በስም በስማቸው ተጽፈዋል። ቡናውን የወቀጡትን ግን በስም የሚጠራልን ሰው አላገኘንም።

የኔ ትልቁ ችግር አሁን እሱ ነው። ለሊ ግራ ገጽ ኖሪስ አለ። ለኛ ራሶችና ደጃዝማቾች ቀኝ ገጹ ሞልቷል፤ የዘመቻው ቀን፣ የፈረስ ስማቸው፣ ፉከራው ሳይቀር። ግራው ባዶ ነው። ባዶ ገጽ ይዤ ፍርድ መስጠት አልፈልግም፤ ባዶውን ትቼ ማወደስም አልፈልግም።

በሚቀጥለው የምናነበው ፓትሪክ ክሌበርንን ነው። በጃንዋሪ 1864 ለደቡቡ አዛዦች ባሪያዎቹን ነፃ እናውጣና እናስታጥቃቸው ብሎ ሐሳብ ያቀረበ ጄኔራል ነው። ጓዶቹ በንዴት ጦፉ፣ የደቡቡ ፕሬዚዳንት ዴቪስ ሐሳቡ እንዲታፈን አዘዘ። ክሌበርን በዚያው ዓመት ፍራንክሊን ላይ ሞተ። መምህሩ ጓደኛችን ይህን ለክሌበርን ምስጋና ይቆጥርለታል። እኔ ሰውየው ማሸነፍን እንጂ የባሪያውን ነፃነት ያስቀደመ አይመስለኝም፤ ገና እንከራከራለን።

እስከዚያው ከእናንተ የምፈልገው አለ። ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ ማንዱራ ወይም ዘጌ ዘመድ ያላችሁ፣ አያት ቅድመ አያታቸው በባርነት የኖሩ ሽማግሌዎችን ካወቃችሁ አነጋግሯቸው። ፈቃዳቸውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዛሬም በዘሩ የሚሰደብ፣ በጋብቻ የሚገፋ ሰው አለ። ከፈቀዱ የሰውየውን ስም፣ ከየት እንደተያዘ፣ ማን እንደያዘውና ለማን እንደተሸጠ ጻፉ። በድምፅ መቅዳትም ይቻላል፣ ስልካችሁ ይበቃል።