ከጎማው እስከ በርጩማዋ

መኪና አከራይ ድርጅት ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነኝ። የትኛው መኪና ለማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚነዳው የምመድበው እኔ ነኝ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ለኛ የመኸር ወቅት ነው። ቅዳሜና እሑድ ግቢ ውስጥ የሚውል መኪና የለም። ሁሉም ሰርግ ላይ ነው።

አንድ እሑድ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ከሾፌሮቻችን አንዱ ነው፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። "ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ተፈጥሯል። ሰው ግን አልተነካም" አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። "ሰው አልተነካም" የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደጋገማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነስተው ወደ አዳራሽ እየሄዱ ነበር። ልጁ የያዘው የሚዜዎቹን መኪና ነው። ካሜራማኑ ከፊት ባለው መኪና የኋላ ኮፈን አስከፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀርጻል። ሚዜዎቹ እስከ ወገባቸው በመስኮት ወጥተዋል። ክላክሱ ያለማቋረጥ ይጮኻል። "አቦ አሳየና!" ይሉታል። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ነዳጅ ረገጠ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞረች። የመጀመሪያው ዙር አማረለት። ሁለተኛው ላይ ግን የኋላ ጎማው ተንሸራቶ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታና ወጣበት። ቸርኬው ተሰነጠቀ፣ ፓራውልቱ ተገነጠለ። እዚያው የነበረ ትራፊክ ፖሊስ የቅጣት ወረቀት ጻፈለት። ሰርጉ ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት ሜትር ይዤ ሄድኩ። ለአደጋ ሪፖርቱ ንድፍ መሥራት ስላለብኝ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የጎማው ጥቁር ቅስት አስፋልቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠርዙ ጋ የቢጫው ቀለም ተፍቋል። ከጠርዙ በላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የስኒ ስባሪ ትለቅማለች። ለካ ቦታው የጀበና ቡና መሸጫዋ ነው። ትንሽ ጃንጥላ፣ ከሰል ምድጃ፣ አንድ በርጩማ፣ ለደንበኛ የሚሆኑ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች። ጎማው ቆሟል እንጂ ፓራውልቱ ከጎማው አልፎ ረከቦቷን ጠርጎታል።

"አንቺ የት ነበርሽ እህቴ?" አልኳት።

"ውሃ ልቀዳ ጄሪካን ይዤ ተሻግሬ ነበር።"

ከጎማው ምልክት እስከ በርጩማዋ ለካሁ። 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም። ከበርጩማው ጀርባ የተዘረጋ ካርቶን አለ፤ ላዩ ላይ ትንሽ ብርድ ልብስ ታጥፋ ተቀምጣለች። የምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "ልጄ ከሰዓት እዚህ ነው የምትተኛው። ትናንት አክስቷ ወስዳት ነው" አለችኝና ስባሪዋን መልቀም ቀጠለች። ሜትሩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እጄ ላይ የያዝኩት ወረቀት አልጻፍ አለኝ።

ማክሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀመጠ። አምስት ነን፤ የድርጅቱ ባለቤት፣ ሒሳብ ሹሟ፣ ዋና መካኒኩ፣ የሾፌሮች ተወካይና እኔ።

ባለቤቱ ነገሩን ቶሎ መጨረስ ፈለጉ። "ሰው አልተጎዳ፣ ማርያም አተረፈችው። የቸርኬና የፓራውልት ዋጋ ይክፈልና ወደ ሥራው ይመለስ" አሉ። የሾፌሮች ተወካዩም ደገፋቸው። "መኪናዋ እኮ ብዙም አልፈጠነችም" አለ። የመኪናዋን ፍጥነት የሚመዘግበውን ጂፒኤስ ቀድሜ አይቼው ስለነበር አወጣሁት። ወደ አደባባዩ ሲገባ በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አንድን እግረኛ በ50 የሚሄድ መኪና ሲመታውና በ65 የሚሄድ ሲመታው የመሞት አደጋው 4.5 እጥፍ ይለያያል። በዓይን ሲታይ ግን ልዩነቱ ምንም አይመስልም።

ያን ጊዜ ማለት የፈለግኩትን በደንብ መናገሬን እንጃ። አሁን ልናገረው። ማትረፉ የማርያም ሥራ ነው፤ የልጁ ሥራ የእጅ ፍሬኑን መሳብ ነው። እኛ የምንመዝነው የልጁን ሥራ ነው። ያቺ ሴት በርጩማዋ ላይ ብትኖር ኖሮ እጁ የሚሠራው ያንኑ ነበር። በዚያው ሰኮንድ፣ በዚያው ጉልበት። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 ግልጽ የሆነ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይናገራል። እሷ ውሃ ልትቀዳ በመሻገሯ ያ ሁሉ ዓመት ወደ አንድ ፓራውልት ዋጋ ወረደ። በጄሪካን የሚለካ ፍርድ አልዋጥልህ አለኝ።

መካኒካችን ዱባይ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ በሌላው ጫፍ መጡ። "ይባረር! ዱባይ ቢሆን 2,000 ድርሃም፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 23 ጥቁር ነጥብ፣ መኪናዋ ለ60 ቀን ትታሰራለች። 24 ነጥብ ከሞላ መንጃ ፈቃድ የለም። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የታሰረችውን መኪና ለማስለቀቅ 50,000 ድርሃም ነው" አሉ።

ባለቤቱ ቀና አሉ። "መኪናዋ የኔ ናት። 50,000ውን ማን ሊከፍል ነው?"

ማንም አልመለሰላቸውም። እኔ ግን ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ አስባለሁ። ባለ መኪናውን የሚያሳስብ ቅጣት ባለ መኪናው ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ያሳስበዋል።

ሒሳብ ሹሟ አዋጁን ይዛ ነው የመጣችው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011። "ይባረር ካላችሁ ድርጅቱ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ያለው 30 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መብቱ ይቀራል። ይክፈል ካላችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ በላይ መቁረጥ አይቻልም" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች። "ቢባረርስ? በሳምንቱ ሌላ ድርጅት ይቀጥረዋል። እኛ ያወቅነውን የሚያውቅ የለም። ያንኑ ያደርጋል።" ይኼን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ማባረር ከባዱ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ለካ አደጋውን ወደ ሌላ ሰፈር መሸኘት ሊሆንም ይችላል።

ልጁን ጠራነው። ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ለምን አደረግከው አልነው። ሚዜዎቹ 2,000 ብር ጉርሻ እንደሰጡት ተናገረ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ጋሼ፣ የታኅሣሡን ቪዲዮ አሳይቼዎት ነበር እኮ። ስቀው 'አንተ ጉድ ነህ' አሉኝ። ድርጅቱም ቲክቶክ ላይ ለቆታል።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ነው። በታኅሣሥ አንድ ሰርግ ላይ ዚግዛግ እየነዳ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳይቶኛል። ስቄያለሁ። አንድ ቃል አልተቆጣሁትም። ድርጅቱም ሙዚቃ አስገብቶበት ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል፤ ደንበኛም አምጥቶልናል። ልጁ ሰበብ እየፈለገ አልነበረም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። እኛ ያስተማርነው ይኼንኑ ነው፤ ሰው ካልተነካ ያስወድዳል፣ ጉርሻ ያስገኛል።

እሱን አስወጥተን ለሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርን። ባለቤቱ ስለ ቪዲዮው ሲነሳ ፊታቸው ተለወጠ፤ መጨረሻ ላይ ግን ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮውን እዚያው አስጠፉት። እኔ ለራሴም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ። መካኒኩ "ይኼማ ማጋነን ነው" አሉኝ። አይደለም። ልጁን ስንቀጣ በዓይኑ የሚያየኝ ሰው ነኝ። እኔ ነጽቼ እሱ ብቻ ቢቀጣ ከቅጣቱ የሚማረው የበታች መሆን መጥፎ እንደሆነ ብቻ ነው። ተጻፈልኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ።

ለልጁ የወሰንነው ይኼ ነው። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ቢደግም ስንብት ነው። ራሱ ተስማምቶ ፈርሞ ለሦስት ወር መሪ አይጨብጥም፣ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ጋራዥ ስለገባ ደመወዙ አይቀንስም፤ የጉዞ አበሉ ግን ይቀራል። የመኪናዋን ጉዳት ግን በየወሩ ከደመወዙ ሲሶ ባልበለጠ ተቀናሽ ይከፍላል። የሴትየዋን ስኒና ረከቦት ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ወስዶ፣ ይቅርታ ይጠይቃታል። የመጨረሻውን ያመጣችው ሒሳብ ሹሟ ነች። ከሁሉም የከበደው ይኼኛው ነበር።

አብሬው ሄድኩ። ስኒዎቹን በካርቶን ይዟል። ከመኪና ከወረድን በኋላ እንደዛለ ሰው ዓይነት ነበር አካሄዱ። ሴትየዋ ያን ቀን ልጇን ይዛ ነበር፤ ካርቶኑ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ልጁ መጀመሪያ በርጩማውን አየ፣ ቀጥሎ የተላጠውን ጠርዝ፣ ቀጥሎ የተኛችውን ሕፃን። አፉን ከፍቶ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊይዝ ሲል "ተው ተው፣ ተነስ የኔ ወንድም" አለችው። ስኒዎቹን አንድ በአንድ ከካርቶኑ አወጣላት። አንዱን ሊያቀብላት ሲል እጁ ስለተንቀጠቀጠ ስኒው ከሳህኑ ጋር ተንኳኳ።

ስለ ደንበኞቻችንም አንድ ነገር አደረግን። ውሉ ላይ ጨመርንበት። ዚግዛግ፣ አደባባይ ላይ መሽከርከር፣ በመስኮት መውጣት፣ የኋላ ኮፈን ከፍቶ መቅረጽ ክልክል ነው። ከሆነ ሾፌሩ ዳር ይዞ ይቆማል፤ የተከፈለው ገንዘብም አይመለስም። በዚህ የተነሳ ሁለት ሰርግ ቀርቶብናል። ባለቤቱ አጉረመረሙ፤ ውሉን ግን አልቀየሩትም።

የሚያንገበግበኝ ሚዜዎቹ ናቸው። "አሳየና" ያሉት፣ 2,000 ብሩን የሰጡት እነሱ ናቸው። አንዳቸውም አልተጠየቁም። ደውዬላቸው ነበር። አንደኛው "ሰርግ አይደል እንዴ ወንድሜ፣ ደስታ ነው" ብሎ ዘጋብኝ።

ልጁ ሦስት ወሩን ጨርሷል። ከትንሣኤ በኋላ መሪ ሰጠሁት፤ በመጀመሪያው ሰርግ ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩ። አደባባይ ጋ ስንደርስ ከኋላ ሲጮኹበት ፍሬቻ አሳይቶ ቀስ ብሎ ዞረ። እንደዚያን ቀን አልተሽከረከረም እንጂ ቢሽከረከርም አላውቅም ምን እንደምለው፤ ያ ማስጠንቀቂያ የሁለታችንም ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል አለፍኩ። ጠርዙ አዲስ ቢጫ ተቀብቷል። በርጩማው የለም፣ ጃንጥላውም የለም። ጠይቄ ጠይቄ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግንብ ሥር አገኘኋት። ሰው የማያልፍበት ቦታ ነው። ወንበሮቹ ሦስቱም ባዶ ናቸው። ስኒዎቹ ልጁ የገዛቸው ናቸው።

"ምነው ተነሳሽ? እዚያ ገበያው ይሻልሽ አልነበር?" አልኳት።

"ይሻላል። ግን መኪና በመጣ ቁጥር ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል" አለችኝና አቦሉን ቀዳችልኝ።