የሰከነ ቡና

እናቴ ቡና ስትወቅጥ ከዱቄቱ ቆንጥራ በሁለት ጣቶቿ ሳታሽ ወደ ጀበናው ጨምራ አታውቅም። ያን ጊዜ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ራሴ ቡናን በልዩ ልዩ መንገድ ማፍላት ከጀመርሁ ወዲህ ግን የስኒው ጣዕም ከወተቱና ከስኳሩ አስቀድሞ የሚወሰነው የዱቄቱ ልመት ከሚፈላበት ዕቃ ጋር ሲስማማ መሆኑን ተረድቻለሁ።

በጀበና ዱቄቱ ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ከመጠን በላይ የላመ እንደ ሆነ ቶሎ አይሰክንም፤ የሻከረ እንደ ሆነ ደግሞ ቡናው ውሃ ውሃ ይላል። እኔ ለ6 ስኒ የሚበቃ ውሃ ጥጄ ሲፈላ 4 የሾርባ ማንኪያ ቡና እጨምራለሁ፤ ገንፍሎ አንገቱ ላይ ሲደርስም ጥቂት በስኒ ቀንሼ መልሼ እጨምርበታለሁ። ከእሳት ከወረደ በኋላ ጀበናው በማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ 5 ደቂቃ ያህል ሳይነካ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለውና ቡናውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲቀዳም ስኒዎቹን አቀራርቦ በቀጭኑ ሳያቋርጡ ማዳረስ ይገባል፤ ጀበናው በየስኒው ቀና ባለ ቁጥር የሰከነው አተላ ይነሣልና። አቦሉ ሲያልቅ በዚያው አተላ ላይ ውሃ እየተጨመረ ቶናውና በረካው ይከተላሉ። ጤና አዳም ጣል የተደረገበትን አቦል ያለ ስኳር መጠጣት እመርጣለሁ፤ በገጠር ብዙ ቤት ግን የሚጨመርበት ጨው ነው።

የማሽን ቡና የሚሻው ከዚህ በጣም የላመ ዱቄት ነው። ለአንድ ኤስፕሬሶ ከ7 እስከ 9 ግራም ዱቄት ተጠቅጥቆ፣ ሙቅ ውሃ በ9 ባር ያህል ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ያልፍበታል። ቶሎ ከወረደ ይኮመጥጣል፤ እየተንጠባጠበ ከዘገየ ይመርራል። ማኪያቶ በጣሊያንኛ ጠብታ ያረፈበት እንደ ማለት ሲሆን፣ በአገሩ ጥቂት ወተት ብቻ የነካው ኤስፕሬሶ ነው። የአዲስ አበባው ማኪያቶ ግን በእንፋሎት የሞቀ ወተት በርከት ብሎ የሚገባበት፣ ጠቆር ወይም ነጣ ይበልልኝ ተብሎ የሚታዘዝ መጠጥ ስለሆነ፣ ስሙ ከጣሊያን ቢመጣም የራሳችን ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ስኳር በእርግጥ ሥራ የሚሠራው በስፕሪስ ላይ ነው። በብርጭቆው መጀመሪያ የሚገባው ስኳር በደንብ የሟሟበት ሻይ ነው፤ ከዚያም ቡናው በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እየተደረገ ይፈስሳል። ጣፋጩ ሻይ ስለሚከብድ ከታች ይቀራል፤ ጥቁሩ ቡና ከላይ ይንሳፈፋል። ስኳሩ በኋላ ተጨምሮ ከተማሰለ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ዓይን የሚስበው መለያ መስመርም ይጠፋል።

በሐረር ደግሞ ፍሬው ሳይሆን ቅጠሉ የሚፈላበት ቁጢ አለ። የደረቀው የቡና ቅጠል በምጣድ ታምሶ በውሃ ይፈላል፤ ከተጠለለ በኋላም ወተትና ጨው ይጨመርበታል። ቅጠሉን ከዚያ የሚያመጣልኝ ዘመድ ሲገኝ በዝግተኛ እሳት አፈላዋለሁ፤ ወተቱን የምጨምረው ግን ቀለሙ በደንብ ከቀላ በኋላ ነው።