ቧንቧ ሠራተኛ ነህ? ጉልበትህ ሳያብጥ ይህን አንብብ

ይህን የምጽፈው ሙያውን አሁን ለሚጀምሩ ልጆች ነው። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

የሠራሁት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ከዚያ የግል ሕንፃዎች ላይ። ሙያውን መልመድ አይከብድም። ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ የሚያቀልጠው ማሽን 260 ዲግሪ ሲደርስ ቧንቧውንና ኤልቦውን (መታጠፊያውን) ታሞቃለህ፣ ታጋጥማለህ፣ ሳታጣምም ትይዛለህ። ጣት መቃጠሉም ሳይቀር ይለመዳል።

የማይለመደው አቀማመጡ ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ በሻካራው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክከህ የፍሳሽ መስመሩን ተዳፋት ታስተካክላለህ። ሁለቱም እጆችህ ሥራ ላይ ስለሆኑ ክብደትህን በሙሉ የሚሸከመው ጉልበትህ ነው። ሊፍቱ ገና ስላልተገጠመ የሽንት ቤት መቀመጫውን በትከሻህ ተሸክመህ ደረጃ ትወጣለህ። በዚያ ላይ የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃው ሌሊት ከመጣ መስመሩ የሚፈተሸው ሌሊት ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ፎርማኑ ስም ይጠራል።

የእኔ ግራ ጉልበት መጀመሪያ ሱሪ ሲነካው ይቆጠቁጠኝ ነበር። ቆይቶ ሎሚ የምታክል ለስላሳ እብጠት ቆቡ ላይ ወጣች፣ ስትጫናት ወደ ጎን ትሸሻለች። ጓደኞቼ በሙሉ ወጌሻ ጋ ሂድ አሉኝ። አልሄድኩም፣ በዚህ ዛሬም ደስ ይለኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ሪፈር ተጻፈልኝ፣ ሆስፒታል ታየሁ። ዶክተሯ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። በጉልበት ቆብና በቆዳው መካከል ቀጭን ከረጢት አለች፣ መፋተግን የምታቀል። በየቀኑ ስትደፈጠጥ ትቆጣና ፈሳሽ ትሞላለች። ቦታው ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም። የእኔ ቀልቶ ነበር። ፈሳሹ በመርፌ ተቀዳ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፣ መንበርከክ ተከለከልኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ።

ያቃጠለኝ ወረቀቱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት ዓይነት ክፍያ አለው። እንዲሁ ከታመምክ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ታገኛለህ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሦስት 75 በመቶ፣ ከዚያም ግማሽ። ቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የድርጅቱ ሰው ኃይል ቢሮ ስሄድ ፎርም ሰጡኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ «አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት» ይላል። ምን ልጻፍ? አልወደቅኩም፣ ምንም አልመታኝም። ስንበረከክ ነው የኖርኩት። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ወንድሜ፣ ቀን ከሌለው አደጋ አይደለም። ሕመም ነው።»

«ከሥራው ነው የመጣው እኮ!»

«ታዲያ ቦርድ ወስኖልህ ና።»

የሐኪሞች ቦርድ የሚቀመጥበት ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ደግሞ መዝገብ ክፍሉ የአሠሪህን ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ተመለስኩ። አሠሪው የቦርድ ውሳኔ ሳይመጣ ደብዳቤ አልጽፍም አለ። እንደገና ወደ ሆስፒታል። በዚህ መሐል የሕመም ፈቃዱ ይቆጠራል፣ ደመወዙ ግማሽ ይሆናል፣ እኔም ደረጃ አትውጣ የተባለውን ጉልበቴን ይዤ በታክሲና በእግር በሁለት ቢሮዎች መካከል እመላለሳለሁ። በጣም ያናደደኝ ማናቸውም ሕጉን ገልጠው አለማየታቸው ነው። አዋጁ በሥራ ላይ ከሚደርስ አደጋ ሌላ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ለብቻው ያስቀምጣል። ከምትሠራው ሥራ ዓይነት የተነሳ በጊዜ ሂደት የሚመጣ የጤና ጉዳት ማለት ነው። የእኔ ጉልበት ቃል በቃል ይኸው ነው። ፎርሙ ግን ለዚህ ቦታ የለውም፣ ፎርሙን የያዘችው ሴትዮም ከፎርሙ ውጭ አታስብም።

ቋጠሮውን የፈታልኝ በክፍለ ከተማው የሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተል አንድ ባለሙያ ነው። ታሪኬን እንኳ አላስጨረሰኝም። «በቃል የጠየቅከውን እርሳው፣ ማመልከቻ ጻፍ» አለኝ። ሁለት ኮፒ፣ አንዱን ለመዝገብ ቤት፣ ሌላው ላይ ደርሷል የሚል ማህተም አስመትተህ ለራስህ። ማመልከቻው ላይ ቦርድ የምቀርብበት ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ፣ የማይጻፍ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ አልኩ። እምቢታቸውን ፈርመው መስጠት ስላልፈለጉ ደብዳቤውን ጻፉ። ቦርዱም በሥራ ምክንያት የመጣ ብሎ ወሰነ። የተቆረጠብኝን ከፈሉኝ። ማንም ይቅርታ አላለኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሐኪም ፊት በመጀመሪያ ቀርበህ «ጉልበቴን ያመኛል» ብቻ ብለህ አትውጣ። ምን እንደምትሠራ፣ በምን አኳኋን እንደምትሠራ ንገርና ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቅ። የእኔ ካርድ ላይ «የጉልበት እብጠት» ብቻ ነበር የተጻፈው፣ በኋላ ማስጨመሩ ራሱን የቻለ መከራ ሆነ።

በቁርጥ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ሁሉ ክፍያ እርሱት። ብሩ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጉልበትህ ያበጠ ዕለት አሠሪ የምትለው ሰው የለህም። እኔ ብጠየቅ፣ ከሃያዎቹ ዕድሜ በኋላ ትንሽ ቢያንስም በውል የሚቀጥርህን ምረጥ እላለሁ።

የደኅንነት ሥልጠና ላይ «ወገብህን አቅና፣ በጉልበትህ ተነስ» ይሉናል። ለመጋዘን ሠራተኛ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ የዋለ ሰው ጉልበት ላይ ሌላ ሸክም አይጨመርም። ከባድ ዕቃ ለሁለት ይነሳ፣ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ይጠበቅ። ፎርማኑ ቢጮህ ይጩህ።

ሕመሙን በዲክሎፌናክ እያስታገሱ መሥራትም አለ። በሳይታችን ግማሹ ሰው ኪሱ ውስጥ ነበረው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ብዙ ጊዜ በባዶ ሆድ። ጨጓራን ያቆስላል፣ ሲደጋገም ኩላሊትም ይጎዳል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሕመሙ ስለማይሰማህ ተንበርክከህ መቀጠልህ ነው።

የጉልበት መከላከያ መርካቶ ታገኛለህ። ከኋላ ያለው ላስቲክ ቀጭን ከሆነ ደም ስርህን ያንቃል፣ ማታ እግርህ ላይ ቀይ መስመር ታያለህ፣ ስለዚህ ሰፊውን ግዛ። እኔ በእሱም ላይ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ፣ እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቼ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር ይዤ እዞራለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ይስቃል፣ ከሰዓት በኋላ ግን አውሰኝ ይላል።

ዶክተሯ ሥራ ቀይር ብለውኝ ነበር። አልቀየርኩም። ሙያዬን እወደዋለሁ፣ ያስገባሁት ውሃ የሚጠጣበት ሕንፃ ፊት ሳልፍ ደረቴ ይነፋል። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የምይዘው ቆሞ የሚሠራውን ነው፦ ቦይለር፣ ሮቶ፣ የፓምፕ መስመር። የወለል ሥራ ስይዝ ቶሎ ቶሎ እነሳለሁ።

ያ ድርጅት ግን ዛሬም ለልጆቹ የጉልበት መከላከያ አይገዛም። በአዋጁ አንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። እዚያ የምትሠሩ ካላችሁ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፉ፣ ማህተሙንም አስመቱ።