በአርሲ አድርገን ባሌ፦ የልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ተራሮች የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በሻሸመኔ ይዞራል። ሌላው ከአዳማ ወደ አሰላ ወጥቶ፣ በቆጂን አልፎ፣ ዶዶላ ላይ ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። እኛ የሄድነው በአሰላው ነው። ምክንያቱ ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱ ናኦል ነው። የነቀነኒሳን አገር ካላየሁ ብሎ ከገና ጀምሮ ሲጨቀጭቀን ከረመ።

የግማሽ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ተነሳን። ባለቤቴ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። ከኋላ የ12 ዓመቷ ቤዛ፣ ናኦልና የአምስት ዓመቷ ሶስና ናቸው። መሐላቸው ደግሞ ብርድ ልብስ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጀሪካን ውሃ ነበር። እስከ አዳማ ያለውን ፈጣን መንገድ ልጆቹ ተኝተው ጨረሱት። አዳማ ፉል በላን፣ ነዳጅ ሞላን፣ ወጣን።

አገሩ መልኩን የሚቀይረው ከአዳማ ወዲያ ነው። ሙቀቱን ከታች ትታችሁ ዳገቱን ስትያያዙት የመኪናው መስኮት ቀስ በቀስ ይዘጋል። ጥር መጨረሻ ስለሆነ ስንዴውና ገብሱ ታጭዶ አልቋል። በየማሳው የገለባ ክምር ብቻ ቆሟል። ሶስና ክምር ባየች ቁጥር «ቤት!» ትላለች። በስተግራ የጭላሎ ተራራ አብሮን ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ሰፊ ነገር ሳይ ደረቴ ከፈት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ዓይኔ ከሚያርፍበት ሩቅ ነገር ሩቁ የጎረቤት ብሎክ ነውና።

አሰላ ያደርንበትን ሆቴል ስም አልጠራም። ግን ያናደደኝን ሳልናገር አላልፍም። በስልክ ሁለት ክፍል በ1,800 ብር ተባብለን ነበር። ስንደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ልጆቹን ቆጠረችና 600 ብር ጨመረች። «ሦስት ልጅ ሦስት ሰው ነው» አለች። ተጨማሪ አልጋ የለም፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስም የለም፤ ቁርስም ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ታዲያ 600ው የምን ነው? ባለቤቴ «ተይው፣ መሽቷል» አለኝና ከፈልን። ልጅ ይዞ በማታ የመጣ ሰው የትም እንደማይሄድ አውቀው ነው። ይሄ ነገር በየከተማው እየተለመደ መጥቷል፤ በጣም ያሳዝነኛል። ቤተሰብ አገሩን ይይ ከተባለ ልጅን እንደ ቅጣት ማስከፈል መቅረት አለበት።

ከክፍላችን ሥር ደግሞ መጠጥ ቤት አለ። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ አልጋውን ሲያንቀጠቅጠው አመሸ። ልጆቹ ምንም አልሰሙም፤ እኔ ጣራ ጣራውን ሳይ ነጋ።

እንቅልፍ ማጣቴ ግን አንድ ነገር ጠቀመን። ጎህ ሳይቀድ ሁሉንም ቀሰቀስኩና ለበቆጂ የጠዋት ልምምድ ደረስን።

በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ የዚህ አገር ልጅ ናት። የአትላንታዋ የማራቶን አሸናፊ ፋጡማ ሮባም፣ ቀነኒሳ በቀለም፣ ጥሩነሽ ዲባባም ከዚሁ አካባቢ ናቸው። ይህን ሁሉ ናኦል ከእኔ በላይ ያውቃል። ሜዳው ዳር ስንቆም ግን አፉ ተያዘ። ወጣቶቹ በሰልፍ ይሮጣሉ። ከአፋቸው ጭስ የሚመስል ትንፋሽ ይወጣል። የብዙዎቹ ጫማ ጎኑ ተሰፍቷል፣ የአንዳንዱ ማሰሪያ ሲባጎ ነው። ማንም አያወራም፤ የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው።

ናኦል ሳይፈቀድለት ከሰልፉ ኋላ ገባ። ልጠራው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ቃል «አትሩጥ፣ ታች ሰው አለ» ነው። ሌላ ሠፈር ልጅ እንዲሮጥ ማንም አይፈቅድም፣ እዚህ ግን መሮጥ የከተማው ሥራ ነው። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ትንፋሽ አጠረው። ከሰልፉ አንዲት ልጅ፣ ቢበዛ 15 ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፍጥነቷን ቀንሳ ከጎኑ ሆነች። እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ «ቀስ፣ ቀስ በል» እያለች ዙሩን አስጨረሰችውና ወደ ጓደኞቿ ተፈተለከች። ስሟን እንኳን አልጠየቅናትም። የሷን ልምምድ ለማያውቀው ልጅ ብላ ነው ያቋረጠችው። ፈጣሪ ያሰበችበት ያድርሳት።

ዶዶላንና አዳባን ሳንቆም አለፍን።

ከአዳባ ወዲያ ጎማ ተነፈሰ። መኪናውን ዳር አስያዝንና ስኮርታውን አወረድን። ክሪኩ ግን መሬቱ ላላ ብሎበት ይሰምጣል። በዚህ መሐል ሁለት ፈረሰኞች መጡ። የባሌን ፈረሰኛ ያላየ ሰው ይህን ማየት አለበት፤ በኮርቻው ላይ የሚጣለው ልብስ በቀይና በቢጫ ክር የተጠለፈ ነው፣ ዳሩ ላይ ዘርፍ አለው፣ ፈረሱ ሲራመድ ዘርፉ ይወዛወዛል። ትልቁ ሰውዬ ምንም ሳይጠይቁ ወረዱና ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገው ከክሪኩ ሥር አስገቡ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የኛም ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ግን ሥራው ቋንቋ አላስፈለገውም። ወጣቱ ብሎኑን ሲፈታ እሳቸው ሶስናን አንስተው ኮርቻው ላይ አስቀመጧት። ልጄ ሁለት እጇን በጋማው ውስጥ ሰክታ ትንፋሿን ውጣ ተቀመጠች። ቤዛ «አባባ፣ እኔም?» አለች። እሷም ወጣች።

ባለቤቴ 500 ብር አወጣ። እጁን ይዘው መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። በስንት ልመና ለልጅ ልጆቻቸው ብስኩት ተቀበሉን። የአሰላውን 600 ብር ያን ጊዜ ረሳሁት። የተበሳውን ጎማ በኋላ ሮቤ ላይ ጎሚስታ ሠራልን።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መግቢያውን ከፍለን፣ ደረሰኝ ተቀብለን፣ አስጎብኚ ይዘን በእግር ገባን። ገና ከመግባታችን የደጋ አጋዘኖቹ ከጥዱ ሥር ቆመው ያዩናል። ቤዛ «እማ፣ አስር ሳንቲም ላይ ያለው!» ብላ በሹክሹክታ ጮኸች። አያቷ ያስቀመጡላት አሮጌ ሳንቲም አለ። ዛሬ በአስር ሳንቲም የሚገዛ ነገር ስለሌለ ልጆቻችን እንስሳውን ከሳንቲሙም አያውቁትም። ወንዱ ቀንዱ የተጠመዘዘ ነው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም በዱር አይኖርም። አንዱ ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቅጠል እያኘከ ሲያየን፣ ሦስቱም ልጆቼ ዝም አሉ። መኪና ውስጥ ለአንድ መስኮት ሲጣሉ የዋሉት ልጆች ናቸው።

ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም። በደረቁ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ከፍታው ላይ ውርጭ ይጥላል። አምስታችንም ካልሲና ኮፍያ አድርገን በሁለት አልጋ ተጠጋግተን ተኛን። ጠዋት የመኪናው መስታወት ነጭ ሆኖ አገኘነው። ልጆቹ በጥፍራቸው እየፋቁ ስማቸውን ጻፉበት። ባለቤቴ ሞተር ሲያሞቅ ስማቸው ቀለጠ። ለቅሶ ሆነ።

በሮቤ አድርገን ጎባ ገባን፤ ከዚያ ወደ ሳነቴ ሜዳ ወጣን። መንገዱ ኮሮኮንች ነው፤ ግን በርጋታ ከተነዳ ይሄዳል። መጀመሪያ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይመጣል፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የቱሉ ዲምቱ ተራራ በ4,377 ሜትር ከሁሉ በላይ ቆሟል።

አስጎብኚያችን መኪናውን አስቁሞ «እህቴ፣ ልጆቹን ዝም አሰኚልኝ» አለኝ። ጣቱን ወደ አንድ ጉድጓድ ቀሰረ። ጥቂት ቆይቶ ግዙፍ ፍልፈል ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ጥርሱ ቢጫና ረጅም ነው፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የወጡ ናቸው። በጥርሱ ሣሩን ቆርጦ ወደ ውስጥ ሳበ። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቡናማ ወፍ ቆማለች። ወፏ ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፣ እሱም ይገባል። ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ናኦል ስለ ጉዞው ለጓደኞቹ ሲያወራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከቀይ ቀበሮ እንኳን ያስቀድመዋል።

ቀይ ቀበሮዋን ያየናት ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። እግሯ ረጅም፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ደረቷ ነጭ ነው። ሆዷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮዋን አቁማ አይጥ ታደናለች። በቡድን ቢኖሩም የሚያድኑት ለየብቻ ነው። ሙሉ ዕድሜ የደረሱት በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ቤዛ «የሚገድላቸው ማነው?» ብላ ጠየቀች። «ውሻ ነው» አላት አስጎብኚው። ከየመንደሩ የሚመጣው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፍባቸዋል። ስለዚህ ውሾቹ ይከተባሉ። ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ አንብባው ነበር፤ አሁን ግን እንስሳዋ ዓይኗ ፊት ቆማለች።

ሶስና ራሷን እንደያዘች ሦስተኛ ጊዜ «አመመኝ» ስትል ቱሉ ዲምቱን ተውነው። ከፍታ በልጅ ላይ አይቀለድበትም። አስጎብኚው ራሱ «ወደ ሐረና ጫካ እንውረድ» አለ። መንገዱ ከሜዳው ጫፍ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል። ከመጠምዘዣ መጠምዘዣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፤ ዛፎቹ ሽበት በሚመስል ነገር ተሸፍነው ይመጣሉ፣ ከዚያ ቀርቀሃው ይቀጥላል። ሪራ መንደር ስንደርስ ሶስና ዳቦ ጠየቀች። ተሽሏታል ማለት ነው።

ሪራ አንዲት እናት ቤት ቡና ጠጣን። ለልጆቹ ወተት አፈሉላቸው። ማር በኪሎ 600 ብር ገዛሁ። ቀፎው ትልቅ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ከበራፋቸው ይታያል። እኔ አዲስ አበባ ማር ስገዛ ስኳር አለበት የለበትም እያልኩ እጨነቃለሁ። እዚህ የሚያስጨንቀኝ ነገር አልነበረም።

የመልሱን መንገድ በሻሸመኔ መጣንና ሐዋሳ አድረን ቤት ገባን።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የምለው ይኼ ነው። ወፍራም ልብስ በጣም ብዙ ያዙ። ሳነቴ በጠዋት ውጡ፤ ልጅ ራሱን ካመመው ግን ወዲያው ውረዱ። ከመሄዳችሁ በፊት የሆቴሉን ዋጋ ከነልጆቹ ቁጥር በጽሑፍ አስልኩ። የመኪናውን ስኮርታና ክሪክ አረጋግጡ።

ሶፍ ዑመር ዋሻ ሳናየው ቀርቷል። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የወይብ ወንዝ በመሐሉ ያልፋል። በክረምት ውሃው ስለሚሞላ አይገባበትም። ስለዚህ ለከርሞው የጥር ዕረፍት ይዘነዋል።